በክፍሉ ውስጥ የተባለ ሁሉ

የመነጽሩን ብሎን አጥብቄ ሳልጨርስ ስልኬ ጠራ። ትንሿን ካቻቪቴ በጥርሴ ነክሼ፣ መነጽሩን በግራ እጄ እንዳንጠለጠልኩ አነሳሁት። ከአስተርጓሚዎች ቢሮ ሥራ የምታከፋፍለን መዳቢያችን ነበረች። የሥራ ቦታ ኪራይ ውል እንዳለ፣ አከራይዋ የከተማውን ቋንቋ ብቻ፣ ተከራዮቹ ደግሞ እኛ ቤት የሚነገረውን ቋንቋ ብቻ እንደሚናገሩ ነግራኝ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትደርሻለሽ ወይ አለችኝ። እደርሳለሁ አልኳት። አፌ ውስጥ ባለችው ካቻቪቴ ምክንያት ስላልገባት፣ አውጥቼ ደግሜ አልኳት።

ጠዋት ጠዋት መነጽር ቤት እሠራለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ አስተረጉማለሁ። አንዱን ቋንቋ ከእናቴ፣ ሌላውን ከመንገድ ነው ያገኘሁት። ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ የሠፈሩን ሰው ሐኪም ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ መብራት ኃይል እየተከተልኩ እናገርለት ነበር፤ ክፍያዬ ከረሜላ ነው። አድጌ ቢሮው ፈትኖ ሲቀበለኝና የመጀመሪያውን ክፍያ ይዤ ስገባ አክስቴ አላመነችም። «ለወሬ ነው የሚከፍሉሽ?» አለችኝ። በዚያ ገንዘብ ነው ከእሷ ቤት ወጥቼ የራሴን አንድ ክፍል የተከራየሁት። ሰፊ መስኮት አለው።

ሥራው ሕግ አለው። ከመጀመሬ በፊት ሁለቱም ወገኖች እየሰሙ እናገረዋለሁ፦ በክፍሉ ውስጥ የተባለ ሁሉ ይተረጎማል፤ እንዲተረጎም የማትፈልጉትን አትናገሩ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቅንቆ እሺ ይላል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ይረሳዋል።

የዚያን ቀንም እንዲሁ ሆነ። ቦታው ባዶ መጋዘን ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። አከራይዋ የቁልፍ ዘለላ በጣቷ የምታሽከረክር ወፍራም ሴት ነች። ተከራዮቹ አባትና ልጅ፣ ሁለቱም አናጺ። አባትየው ሽማግሌ ነው፤ ግንባሩን ቋጥሮ ግድግዳውን እየመታ ያዳምጣል። ልጅየው ጸጥ ያለ ነው፤ ሰው ሲናገር የሚያየው ዓይን ዓይኑን ሳይሆን እጅ እጁን ነው።

ሽማግሌው የጣሪያውን ቀዳዳ ቀና ብሎ እያየ አከራይዋ ካላስጠገነች ውሉን እንደማይፈርም ተናገረ። ተረጎምኩ። አከራይዋ አመነታች። በዚህ መሀል ሽማግሌው ወደ ልጁ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ቢያፈስም ግድ የለም፣ እኛው እንደፍነዋለን፤ ከዚህ የተሻለ ቦታ አናገኝም። አንተ ግን ፊትህን አጨፍግገው» አለው።

እኔ ደግሞ ሰማሁ። ክፍሉ ውስጥ ነበር።

ተረጎምኩት። ፊት ማጨፍገጉንም አላስቀረሁም። አከራይዋ ቁልፉን ማሽከርከር አቁማ ከልቧ ሳቀች፤ እንግዲያው ደፍኑታ ብላ ውሉን ጠረጴዛ ላይ አኖረች።

«ምን አልሻት?» አለኝ ሽማግሌው።

«እርስዎ ያሉትን ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ ለልጄ ነው የተናገርኩት።»

«በክፍሉ ውስጥ ነው የተናገሩት።»

ልጅየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ያዘነ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ ሲዞር ግን ዓይኖቹ በሳቅ እንባ ሞልተዋል። አባቱ ፈረመ፣ ወጣ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜን «ራዲዮ» አለው። የሰማችውን ለዓለም የምትለቅ ማለቱ ነው።

በሳምንቱ ልጅየው መነጽር ቤት መጣ። የአባቱ የማንበቢያ መነጽር ነው፤ ክንዱ ወልቋል፣ ብሎኗ ጠፍታለች። አገላብጬ አየሁት። የብሎኗ ቀዳዳ ንጹሕ ነው፣ ጠርዙ አልተጫረም። የወደቀም የተረገጠም መነጽር እንዲህ አይሆንም፤ ሰው ተጠንቅቆ የፈታው ነው። ለምን እንደፈታው ጠየቅኩት።

እስከ ጆሮው ቀላ። ከኪሱ ትንሿን ብሎን አውጥቶ ባንኮው ላይ አስቀመጠልኝ።

«ሌላ ሰበብ ብፈልግ አጣሁ» አለ።

ከዚያ በኋላ ለአራት ወር፣ እኔ ማስተርጎም በሌለብኝ ቀን ሁሉ፣ ከሥራ መልስ ከመነጽር ቤቱ ማዶ ካለው ሻይ ቤት እንገናኝ ነበር። እሱ የከተማውን ቋንቋ ከእኔ ጋር እየተለማመደ፣ እኔ ደግሞ የእንጨት ዓይነት በማሽተት እየለየሁ። ክንዱ ላይ ያረፈ የእንጨት ብናኝ ሲኖር ለማራገፍ እጄን እዘረጋና እመልሰው ነበር። እሱም እንዳየ አውቃለሁ። ግን ስለ ፍቅር አንዳችንም አንድ ቃል ትንፍሽ አላልንም። የሰውን ቃል ስናገር የምውል ሰው የራሴ ሲሆን አፌ ይያዛል።

አባቱ ክረምቱን ሙሉ መሰላል ላይ ሆኖ ጣሪያ ሲደፍን ከረመ። የእኔ ነገር በተነሳ ቁጥር መልስ አይሰጥም፤ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን ብቻ ያያል አለኝ ልጁ። መጀመሪያ እንስቅበት ነበር። ኋላ ግን ሳቁ አለቀ፤ ምክንያቱም ልጅየው እኔን ቤት ሊያስገባ ፈልጎ፣ አባቱ አይሆንም ብሎ በሩ ላይ ቆመ።

አንድ ቀን ሻዩን ሳይነካው ቆይቶ አንድ ነገር ለመነኝ። አባቱ ዘንድ ሄጄ፣ ተሳስቼ ነው፣ ያንን መተርጎም አልነበረብኝም እንድለው። አንድ ቃል ብቻ፤ ከዚያ ሁሉ ነገር ይረሳል።

«አልተሳሳትኩም እኮ» አልኩት።

«አውቃለሁ። ብትይ ግን ምን ይጎዳሻል?»

«ሰው የሚጠራኝ ያለውን ሳልነካ ስለማደርስ ነው። ለአንተ ብዬ አንዴ ካጣመምኩት፣ ሌላ ቀን የምልህን በምን ታምነኛለህ?»

የሻዩን ሒሳብ ከፍሎ ወጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልደወለም፤ እኔም አልደወልኩም። ትክክል እንደሆንኩ እርግጠኛ ነበርኩ። ትክክል መሆን ግን ሻይ ቤቱ ውስጥ ፊት ለፊቴ ያለውን ባዶ ወንበር አይሞላም።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት የመነጽር ቤቱ በር ተከፍቶ ሽማግሌው ገባ። ኮፍያውን አወለቀ። ወደ እኔ ሳያይ የመሳቢያችንን እጀታ ስቦ አየው፣ መለሰው፣ እንደገና ሳበው።

«ይኼን ማን ነው የሠራው? ይጣበቃል» አለ።

ማን እንደሠራው እንደማላውቅ ነገርኩት። ወንበር ሳብኩለት። ሲቀመጥ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ጭኑ ላይ አኖረው፤ ያን ጊዜ ነው የአውራ ጣቱ ሥር ጎድጉዶ ያየሁት። ጣቶቹ ከደነዘዙ እንደከረሙ ነገረኝ። ባለፈው ወር ልጁ ሐኪም ቤት ወስዶት ነበር። ከእኔ ጋር በተለማመዳት የከተማው ቋንቋ ልጁ ራሱ አስተርጉሞለታል።

«ሐኪሟ ይህን ያህል ተናገረች» አለኝ፣ ግራ እጁን እስከ ትከሻው ዘርግቶ። «ልጄ ይህቺን ታህል ነገረኝ» አለ፣ የትንሽ ጣቱን ጥፍር አሳይቶ። «ትንሽ ድካም ነው አለኝ። የቀረውን የት አደረሰው?»

እዚያ ስላልነበርኩ ላውቅ እንደማልችል ነገርኩት። ለዚያ ነው የመጣሁት አለ። ሐሙስ ሐኪሟ ዘንድ ቀጠሮ አለው፤ እጁ ምን እንደሚደረግ የሚወሰነው ያን ቀን ነው። እኔ እንድሄድለት ይፈልጋል።

«ተቀይመውኛል እኮ፣ ጋሼ።»

«አሁንም ተቀይሜሻለሁ። በዚህ እጄ ጣሪያ ላይ ያወጣሽኝ አንቺ ነሽ። ግን አንዲት ቃል አልጨመርሽም፣ አልቀነስሽም። ልጄ ይወደኛል፤ ስለዚህ ይዋሸኛል። አንቺ አትወጂኝም።»

ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። እኔ ባንኮው ላይ እጄን አስደግፌ ቀረሁ። ጥሩ አስተርጓሚ ለሚቀርበው ሰው አይሠራም፤ ከሠራም ቅርበቱን ሥራው ሳይጀመር ለሁለቱም ወገን ይናገራል። አንዳቸው ካልተስማሙ ቦርሳውን ይዞ ይወጣል። ደብቆ ከተገኘ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል። መዳቢያችን ጋ ደወልኩ፤ ሐሙስ ሌላ ሰው እንዲላክ ጠየቅኩ። በእኛ ቋንቋ የሚሠራው ሌላው አስተርጓሚ ከሁለት ሳምንት በፊት አይገኝም አለችኝ። ልሂድ ካልኩም ቅርበቴን እንድናገር አሳሰበችኝ። ከዚያ ወረቀት እየሳበች፣ ከታካሚው ጋር ዝምድናሽ ምንድን ነው ስትል ጠየቀችኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እነግርሻለሁ አልኳት።

ረቡዕ አክስቴን አማከርኳት። ልጅየውን ከመጀመሪያው ጀምሮ «ባለ መጋዙ» ነው የምትለው። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምታ እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች።

«ለራሱ ሳትነግሪው ለሐኪም ልትነግሪ?»

«ሕጉ ነዋ።»

«ሐኪሟስ ምን መድኃኒት ልታዝልሽ ነው?»

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ በሐኪሟ ክፍል አራት ሰዎች ነበርን። ሐኪሟ አጭር፣ ፈጣን፣ እጅጌዋን የሰበሰበች ሴት ነች። ሽማግሌው ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። ልጁ ጎኑ ነው፤ እኔ ስገባ ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ እንደገና ተቀመጠ። አባቱ እኔን መጥራቱን አልነገረውም ነበር።

ሕጉን በሁለቱም ቋንቋ ተናገርኩ። በክፍሉ ውስጥ የተባለ ሁሉ ይተረጎማል። ከዚያ የራሴ ጉዳይ መጣ። በእኛ ሥራ ሌላው ሲናገር «እኔ» እያልን ነው የምናደርሰው፤ ስለ ራሳችን መናገር ካለብን ግን እንደ ሌላ ሰው እንናገራለን። መጀመሪያ ወደ ሐኪሟ ዞሬ በከተማው ቋንቋ ጀመርኩ።

«አስተርጓሚዋ ከሥራው በፊት የምታሳውቀው ነገር አለ። ከታካሚው ጋር የሥጋ ዝምድና የላትም። ልጁን ግን ትወደዋለች። ይህ ሥራዋን እንደማያዛባው ታምናለች፤ ከመካከላችሁ ያልተስማማ ካለ ግን ትወጣለች።»

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ቦርሳዬን ግን ጭኔ ላይ አጥብቄ ይዤ ነበር።

የሐኪሟ ብዕር ቆመ። ልጅየው የከተማውን ቋንቋ ያን ያህልስ ያውቃል፤ ደሙ ከአንገቱ ወደ ጆሮው ሲወጣ አየሁ። ሽማግሌው ምንም አልገባውም። አንዴ ልጁን፣ አንዴ ሐኪሟን፣ አንዴ እኔን አየ። አሁን ያንኑ፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ፣ እናቴ ባሳደገችኝ ቋንቋ፣ ለተቀየመኝ ሰው መድገም ነበረብኝ። በከተማው ቋንቋ «ትወደዋለች» ማለት ቀላል ነው፤ በየመንገዱ ይባላል። በቤቱ ቋንቋ ግን ቃሉ ክብደት አለው።

ደገምኩት። ትወደዋለች የሚለው ጋ ስደርስ ሽማግሌውን ዓይን ዓይኑን አየሁት።

ሐኪሟ ቀድማ ልጁ ይህን ያውቅ እንደሆነ ጠየቀች። አሁን እንዳወቀ ነገርኳት። ጥያቄውንም መልሱንም ለሽማግሌው ተረጎምኩ፤ ሕጉ ነው።

ሽማግሌው ወደ ልጁ ዞረ።

«ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ፣ አባዬ።»

«ታዲያ መልስ ስጣታ። ሰው ይህን ያህል ተናግሮ ዝም ይባላል?»

ልጅየው እጆቹን አየ። ከዚያ እኔን አየ፤ እጄን ሳይሆን ፊቴን።

«እኔም እወዳታለሁ» አለ። «ከጣሪያው ቀን ጀምሮ።»

ሐኪሟ ትጠብቀኛለች። በክፍሉ ውስጥ የተባለ ነው። «እኔም እወዳታለሁ፤ ከጣሪያው ቀን ጀምሮ» ብዬ በከተማው ቋንቋ፣ በራሴ አፍ፣ ስለ ራሴ ተረጎምኩላት። የትኛው ጣሪያ እንደሆነ አልጠየቀችም። ትንሽ ፈገግ ብላ በበኩሏ እንደምትስማማ፣ ዋናው የታካሚው ፈቃድ እንደሆነ ተናገረች።

«እኔን አሳስቃ አታባብለኝም» አለ ሽማግሌው። «ትቀጥል።»

ቀጠልኩ። ከባዱ ያኔ መጣ። ሐኪሟ በእጅ አንጓው ሥር የሚያልፈው ነርቭ ለብዙ ጊዜ ተጨፍልቆ እንደኖረ፣ የአውራ ጣቱ ጡንቻ እንደከሳ አስረዳች። ቀዶ ጥገናው እንዳይብስ ያደርገዋል፤ የጠፋው ጉልበት ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብላ ግን ቃል አትገባም። ቀዶ ጥገናው ካልተደረገ በዓመት ውስጥ መዶሻ መጨበጥ ያቅተዋል። ልጅየው ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። የሚለምነኝ ነገር ግልጽ ነበር፤ አንዷን ቃል አለስልሺያት። አሁን የተናገረው ቃል ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበር፣ ያለኝን ሁሉ ልሰጠው እችል ነበር። ይህን ግን አልችልም።

«ቃል አልገባም» አልኩ ለሽማግሌው፣ ሐኪሟ እንዳለችው። «እጅዎ ካልተሠራ ግን ዓመት ሳይሞላ መዶሻ መጨበጥ ያቅትዎታል።»

ሽማግሌው ቀኝ እጁን አነሳና የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል አገላብጦ አየው።

«ባለፈውም ይህንኑ ነበር ያለችው?» አለ ለልጁ።

«አዎ።»

«ለምን ደበቅከኝ?»

«ፈርቼ።»

«ለእኔ ነው ለራስህ?»

ልጅየው አልመለሰም። ዝምታ አይተረጎምም፤ ሐኪሟም ያለ እኔ ገባት። ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ እርሳስ መያዝና ጣውላ ላይ መስመር ማስመር ይችል እንደሆነ። ሐኪሟ ያ ችሎታው ይጠፋል ብላ እንደማትሰጋ ነገረችው።

«እንግዲያው ሥሩት» አለ። «እኔ አሰምራለሁ፣ እሱ ይቆርጣል። እሱ ሁልጊዜም የሚያበላሸው ማስመሩን ነው እንጂ መቁረጡን አይደለም።»

ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ቆምን። ሽማግሌው የምርመራ ወረቀት ሊያስሞላ ወደ መስኮቱ ሄዷል። ልጅየው ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ይቅርታ የሚልበትን ቃል ሲፈልግ እንደነበር፣ ስልኩን እያነሳ እንደሚያስቀምጥ ነገረኝ።

«ቀደምሽኝ» አለ። «ያውም በሁለት ቋንቋ።»

«አንተ በአንዱ ብትመልስ ይበቃኛል።»

«ውስጥ መለስኩልሽ እኮ።»

«ውስጥ አባትህ አዝዞህ ነው።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማንም ሳያዘው ተናገረ። ያለኝን እዚህ አልጽፈውም፤ ከክፍሉ ውጭ የተባለ ነው። እጄ ግን የዚያን ቀን ሄዶ ክንዱ ላይ ያለውን የእንጨት ብናኝ አራገፈ፣ እዚያው ቆየ።

ቀዶ ጥገናው በወሩ ተደረገ። በሁለተኛው ወር ሽማግሌው በሁለት ጣቶቹ የእርሳሱን ጠርዝ መለየት ጀመረ፤ አውራ ጣቱ አሁንም ዳተኛ ነው። ጠዋት ጠዋት ጣውላው ላይ ያሰምራል፤ ልጁ መስመሩን ተከትሎ ይቆርጣል፤ ከሰዓት በኋላ ሲበላሽ ማን እንዳበላሸው ይከራከራሉ። አክስቴ ባለ መጋዙን አየችው። እጁ ሰፊ ነው ብላ ብቻ አለፈችው፤ ከእሷ ይህ ብዙ ነው። ቤተሰቦቻችን ተገናኝተው ተነጋግረዋል፣ የሠርግ ቀን ቆርጠናል።

ባለፈው ቅዳሜ መዳቢያችን ለሽማግሌው የክትትል ቀጠሮ መደበችኝ። ቅጹን ይዤ ወደ አናጺ ቤቱ ሄድኩ። ከሥራው መነሳት የሚፈልግ አስተርጓሚ የሚሞላው አንድ ገጽ ነው። ሽማግሌው መነጽሩን አድርጎ በትከሻዬ በኩል ያያል፤ ቅጹ በከተማው ቋንቋ ስለሆነ ምን እንደሚል ጠየቀኝ። ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ ታካሚ እንደማልሠራ የሚያሳውቅ እንደሆነ ነገርኩት።

«ማን ሊመጣልኝ ነው?»

«ሌላው አስተርጓሚ ነው የሚመጣው፣ አባባ። ጎበዝ ነው።»

«እሱም ሁሉን ይናገራል?»

«ይናገራል። እኔም ጎንዎ ተቀምጬ እሰማለሁ።»

«ዝም ብለሽ?»

«ዝም ብዬ።»

«ይህንንስ አያለሁ» አለ። ልጁ ከመላጊያው ቀና ሳይል ሳቀ።

ከታች አንድ ክፍት መስመር ቀርቶ ነበር፤ ከሥራው የሚነሱበት ምክንያት ይላል። ጻፍኩ። ምን ብዬ እንደጻፍኩ እንዳነብለት ጠየቀኝ።

«የቤተሰብ አባል ናቸው ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ከጆሮው ላይ የማስመሪያ እርሳሱን አውርዶ፣ በሁለቱ ጣቶቹ አጥብቆ ይዞ፣ ከጻፍኩት ሥር ቀስ ብሎ አሰመረበት። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር። ቅጹን ለሁለት አጥፌ ፖስታው ውስጥ ከተትኩ፣ አሸግኩት፣ የሥራ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖርኩት።